የአድልዎ ጥያቄ ሲመጣ ከአንቀጽ 25 በኋላ ምን ይጻፋል?

የማራኪ_ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ለሰብአዊ መብቶች ሕግ ኮርስ የተሰጠን የቤት ሥራ ነው። ዓርብ ይገባል፣ ከ8 ገጽ መብለጥ አይፈቀድም። ታሪኩ ፈጠራ ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

ፒያሳ ያለ ሆቴል የመብራት እንጨት ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል፦ «አስተናጋጅ፤ ሴት፤ ዕድሜ 18–25፤ ቁመናዋ ያማረ፤ የከተማው ነዋሪ የሆነ ቋሚ ደመወዝተኛ ተያዥ ማቅረብ የምትችል።»

ሀ፦ 34 ዓመቷ ነው፣ ማመልከቻዋን አልተቀበሏትም።
ለ፦ ተፈናቅላ የመጣች ናት፣ ተያዥ የሚሆናት ሰው የለም።
ሐ፦ ተቀጥራ በ40ኛው የሥራ ቀን ማርገዟ ሲታወቅ «የሙከራ ጊዜሽን አላለፍሽም» ተብላ ተሰናበተች።
መ፦ ማየት የተሳነው ነው፤ ለስልክ ኦፕሬተርነት ሲያመለክት «ቢሮው 3ኛ ፎቅ ነው፣ አይሆንልህም» ተባለ።
ሠ፦ መኝታ ክፍል ታጸዳለች፣ ደመወዟ ከወንዱ የጥበቃ ሠራተኛ ያንሳል።

«የእያንዳንዳቸውን መብት ተንትኑ» ነው ጥያቄው። እኔ የሕገ መንግሥቱን የእኩልነት አንቀጽ፣ አንቀጽ 25ን ይዤ 3 ገጽ ሞላሁ። ከዚያ ወዲያ የምጽፈው አጣሁ።

ጭብጥ_ያዥ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡55

3ቱን ገጽ ወደ ግማሽ ገጽ አውርጂው። አብዛኛው ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ አንቀጽ 25 ላይ ገብቶ እዚያው ያድራል። እኛ አገር አድልዎን ከላይ እስከ ታች የሚገዛ አንድ አጠቃላይ አዋጅ የለም። ጥበቃው በየሕጉ ተበትኖ ነው ያለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሰውየው በየትኛው በር እንደሚገባ መለየት ነው። አመልካች ነው? የተቀጠረ ሠራተኛ ነው? የመንግሥት ሠራተኛ ነው? ደንበኛ ነው? በሩ ሲለወጥ አዋጁም፣ የማስረዳት ሸክሙም፣ ይርጋውም (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደቡ) ይለወጣል።

ሐን ላሳይሽ፣ በሩ የጠራው የእሷ ስለሆነ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው የሚገዛት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦

መጀመሪያ፣ የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ ነው ወይ? አንቀጽ 11 ስምምነቱ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፣ ከ60 የሥራ ቀንም መብለጥ አይችልም። ጥያቄሽ ስለ ጽሑፍ ምንም አይልም። ዝም ብለሽ አትለፊው፤ «በጽሑፍ ከሆነ… ካልሆነ…» ብለሽ ለሁለት ክፈይው። በጽሑፍ ካልሆነ የሆቴሉ መከራከሪያ ገና ከደጅ ይወድቃል።

ቀጥሎ፣ በጽሑፍ ቢሆንስ? በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ፣ በሕግ ወይም በሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ በቀር፣ ሙከራውን ከጨረሰው ጋር እኩል መብትና ግዴታ አለው። አሠሪው ሊያሰናብት የሚችለው ለሥራው ብቁ ስላልሆነች እንጂ ስላረገዘች አይደለም። አንቀጽ 26 ንዑስ 2 እርግዝናን ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ከማይሆኑት መካከል በስሙ ይጠራዋል። አንቀጽ 87 ደግሞ በእርግዝና ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ውሏ እንዳይቋረጥ ይከለክላል፤ የሚፈቀደው ከእርግዝናው ጋር ባልተያያዘ፣ በሕጉ በተዘረዘረ ምክንያት ብቻ ነው።

ከዚያ ማስረጃ። እዚህ ጉዳይ ላይ ቀን ሁሉ ነገር ነው። የሐኪም ወረቀቱ መቼ ተጻፈ? ለኃላፊው መቼ ደረሰ? የስንብት ደብዳቤውስ? ከእርግዝናው በፊት በሥራዋ ላይ የተጻፈ አንድም የምዘና ወረቀት ከሌለ፣ በማግስቱ የመጣ «ብቁ አይደለሽም» ማን ያምነዋል?

በመጨረሻ መፍትሔው። ስንብቱ በ26(2) ምክንያት ከሆነ አንቀጽ 43 ወደ ሥራ መመለስን ያዛል። መመለስ ካልፈለገች ካሳ ነው። ላልተወሰነ ጊዜ ውል መነሻው የቀን አማካይ ደመወዝ በ180 ተባዝቶ ነው። ለምሳሌ በወር 3,000 ብር ቢከፈላትና በ30 ብናካፍለው 100 ብር፣ በ180 ሲባዛ 18,000 ብር። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያው ለብቻው ይታሰባል።

አዘዞ_12 · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ቆይ፣ አንቀጽ 25 የግል ሆቴልን ያስገድዳል እንዴ? ሕገ መንግሥት መንግሥትን ነው የሚይዘው ብለን ነው የተማርነው።

ቁስቋም_ዳር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ግማሹ ልክ ነው። አንቀጽ 13(1)ን ብቻ ያነበበ ሰው እንደዚያ ይላል፤ የማክበርና የማስከበር ኃላፊነቱን በየደረጃው ላሉ የመንግሥት አካላት ነው የሰጠው። ግን አንቀጽ 9(2)ን ክፈት። ማንኛውም ዜጋ፣ የመንግሥት አካላት፣ የፖለቲካ ድርጅቶች፣ ሌሎች ማኅበራትም ሕገ መንግሥቱን የማስከበርና ለእሱ ተገዢ የመሆን ኃላፊነት አለባቸው። የግሉን አሠሪ የምትይዘው በዚያ ነው። ይህ ክርክር ያለቀለት ነው ማለት ግን አይደለም። ፍርድ ቤቶች 25ን ለብቻው ይዞ በግል ሰው ላይ የመጣን ክስ ሲያዩ ያመነታሉ፣ አንዳንዴም «የሕገ መንግሥት ትርጉም ያስፈልገዋል» ተብሎ ጉዳዩ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይላካል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው እግዜር ነው። ጠንቃቃ ጸሐፊ 25ን ከሌላ ዝርዝር ሕግ ጋር አጣምሮ ነው የሚያቀርበው።

አሁን ወደ ሀ ልምጣ፣ ከሁሉም ከባዷ እሷ ናት። ሁለት ግድግዳ ነው ያለባት።

አንደኛው፣ ገና አልተቀጠረችም። 1156 አድልዎን ሲከለክል የሚናገረው «በሠራተኞች መካከል» ስለሚደረግ ልዩነት ነው፣ እሷ ደግሞ አመልካች ናት። እዚህ ላይ የሚያግዘው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 ነው። ኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. አጽድቃዋለች፤ ስምምነቱ «ሥራ» ሲል ወደ ሥራ መግባትንም እንደሚጨምር በግልጽ ያስቀምጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) በኩል የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። «የስምምነቱ ዝርዝር በነጋሪት ጋዜጣ አልታተመም» የሚል መከራከሪያ ይመጣብሻል፣ ጠብቂው። መልሱ የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 ነው። ጉዳዩ የልጅ አስተዳደግ ነበር፤ ችሎቱ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በቀጥታ ጠቅሶ ወስኗል።

ሁለተኛው ግድግዳ፣ ዕድሜ በአንቀጽ 25 ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በስምምነት 111 የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥም የለም። የቀረሽ «በሌላ አቋም ምክንያት» የሚለው ሐረግ ነው። «ዕድሜ ሌላ አቋም ነው» ብሎ መዝጋት ግን አይበቃም፣ ለምን እንደሆነ አሳዪ፤ ሰው ሊለውጠው የማይችለው ነገር ነው፣ ከሥራው ችሎታ ጋርም በራሱ አይያያዝም። ከዚያ መለኪያውን አምጪ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው 18ኛ አጠቃላይ አስተያየቱ ልዩነት ሁሉ አድልዎ አይደለም ይላል፤ መስፈርቱ ምክንያታዊና ተጨባጭ ከሆነ፣ ዓላማውም ቅቡል ከሆነ ይፈቀዳል። እንግዲህ ትሪ ለመሸከም 25 ዓመት ምን ያደርጋል?

የማራኪ_ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ጌታ ይስጥልኝ ሁለታችሁም። «ሴት» የሚለውስ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35(3) የድጋፍ እርምጃ ነው ብል ያስኬዳል? ሴቶችን መቅጠር ስለሆነ።

ቁስቋም_ዳር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

አያስኬድም፣ ወጥመዱም እሱ ነው። የድጋፍ እርምጃ በታሪክ የደረሰን የበታችነት ውርስ ለማካካስ ታስቦ የሚወሰድ ነው። ሴቶችን በጥቂቱ ወደያዘ ሥራ ያስገባል፣ ግቡ ሲሳካ ያበቃል። አስተናጋጅነት ሴቶች የጠፉበት ሥራ አይደለም። «ሴት» ከሚለው ጎን የተጻፈውን እዪ፤ «ቁመናዋ ያማረ»። ዓላማው ከዚያው ይነበባል። እንዲያውም ጥሩ ጽሑፍ ይህ ማስታወቂያ ወንዱንም ሴቷንም እንደሚጎዳ ያሳያል፤ ወንዱን ያስቀራል፣ ሴቷን ደግሞ ለመልኳ ይቀጥራል።

ጭብጥ_ያዥ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ለ ላይ ማንም አልገባም። ተያዥ ለሁሉም የተጠየቀ ነገር ስለሆነ ተማሪ «አድልዎ የለም» ብሎ ያልፋታል። ቀጥተኛ ያልሆነ አድልዎ የሚባለው እኮ ይኸው ነው፤ መስፈርቱ ፊቱ ላይ ለሁሉም አንድ ነው፣ ክንዱ ግን አንዱ ወገን ላይ ይበረታል።

ሁለት የውጭ ጉዳዮች ይበቁሻል። አንዱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 እ.ኤ.አ. የወሰነው ግሪግስ ከዱክ ፓወር ነው። የኃይል ማመንጫው የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማና ሁለት የጽሑፍ ፈተናዎችን ጠየቀ፤ ጥቁሮቹን ሠራተኞች በብዛት አስቀረ፤ ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት ግን ማሳየት አልቻለም። ሌላው የአውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት በ2007 እ.ኤ.አ. በቼክ ሪፐብሊክ ላይ የወሰነው የ18 የሮማ ልጆች ጉዳይ ነው። ልጆቹ ለአእምሮ ዝግመት በተቋቋሙ ልዩ ትምህርት ቤቶች ተመድበው ነበር፤ ማሳየት የቻሉትም በቁጥር መረጃ ነው። ሁለቱም የሚያስተምሩት ክፉ ሐሳብ ማስረዳት ግድ እንዳልሆነ ነው። ውጤቱን አሳዪ፣ ከዚያ ሌላኛው ወገን ያስረዳ።

ስለ ተፈናቃዮች ከሆነ የአፍሪካ ኅብረትን የተፈናቃዮች ስምምነት፣ የካምፓላን ስምምነትም ጨምሪ፤ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች፣ በመፈናቀል ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ ይከለክላል።

ለሆቴሉም ፍትሐዊ ሁኚለት። ተያዥ የሚጠየቀው ገንዘብና ዕቃ እንዳይጠፋ ነው፣ ዓላማው ቅቡል ነው። ጥያቄው ሌላ መንገድ ነበረ ወይ ነው። ሒሳቡን ገንዘብ ያዥ ብቻ ቢቀበልና አስተናጋጇ ብር ባትነካ ተያዡ ለምን ያስፈልጋል? «የከተማው ነዋሪ» እና «ቋሚ ደመወዝተኛ» የሚሉት ሁለቱ ቃላትስ? እያንዳንዱን ለየብቻው ፈትኚ። ተያዥ መጠየቅ ቢፈቀድ እንኳ «የከተማው ነዋሪ» የሚለው ላይጸድቅ ይችላል።

አዘዞ_12 · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ሁሉም የውጭ ሆነ። የእኛ የለም?

ቁስቋም_ዳር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

አለ። በ1995 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት የወሰነው የቤኒሻንጉል-ጉሙዝ ዕጩዎች ጉዳይ። ዕጩ የአካባቢውን ቋንቋ ካላወቀ አይወዳደርም ወይ የሚል ነበር። ምክር ቤቱ የቋንቋ መስፈርት በራሱ ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም አለ፤ የሚጠየቀው ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። ዓላማው ቀረ፣ መስፈርቱ ጠበበ። ለ ላይ «የከተማው ነዋሪ» የሚለውን ስትተቺ ይህን ጥቀሺ።

ነጭ_በትር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

መን በተመለከተ አንድ ልለምናችሁ፦ ስለ ሊፍት አትጻፉ።

ሰውየው ማየት ነው የተሳነው። ደረጃ ይወጣል። የሆቴሉ መልስ ከጉዳቱ ጋር እንኳ አይገጥምም፣ ትንታኔው መጀመር ያለበትም ከዚያ ነው። የሕንፃ አዋጅ 624/2001 አንቀጽ 36 ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያ እንዲኖር ያዛል፣ ትልቅ ድንጋጌ ነው፣ ግን የዚህ ሰው ጥያቄ አይደለም። ሁሉንም አካል ጉዳት አንድ አድርጎ ማየት ራሱ የአድልዎ አንድ መልክ ነው።

የእሱ ሕግ አዋጅ 568/2000 ነው፣ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት። ሁለት ነገር ከሌሎቹ ይለየዋል። አመልካችን በግልጽ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ሀ የገጠማት ግድግዳ እሱን አይገጥመውም። የማስረዳት ሸክሙንም ወደ ቀጣሪው ያዞራል። ይህን ከሐ ጋር አነጻጽሪው፣ ነጥብ አለው።

ተመጣጣኝ ማመቻቸት (ሥራውን ለአካል ጉዳተኛው እንዲስማማ ማስተካከል) የሚለውን ደግሞ በተግባር ጻፊው። የስልክ ኦፕሬተር ምን ይሠራል? ስልክ ያነሳል፣ የክፍል ቁጥር ይፈልጋል፣ መስመር ያዞራል፣ መልእክት ይመዘግባል። 4 ተግባር። ማየት የሚጠይቁት ሁለቱ ናቸው፤ የክፍል ዝርዝሩና ምዝገባው። ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ ከሆኑ በስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር ይፈታቸዋል። ኤንቪዲኤ የሚባለው በነጻ ነው፤ ጆውስ የሚከፈልበት ነው። የስልክ ሰሌዳው አዝራሮች ላይ በጣት የሚዳሰስ ምልክት ይለጠፋል። እንዲህ ሲዘረዘር «ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም» የሚለው መከራከሪያ ምን ይቀረዋል? ወጪ ባልተጻፈበት ትንታኔ ግን ዳኛም መምህርም የሆቴሉን ቃል ይቀበላል።

ስለ ሰነዶቹ አንድ የጎን ነገር። ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ዓምድ ነው፣ አማርኛው በግራ እንግሊዝኛው በቀኝ። ብዙዎቹ ፒዲኤፎች ስካን ስለሆኑ ለስክሪን አንባቢ ባዶ ገጽ ናቸው። ምስልን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር የጽሑፍ መለያ ሶፍትዌር ሲያልፉም ዓምዶቹ ካልተቆረጡ መስመሩ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እየዘለለ ይነበባል። የቆዩት ፋይሎች በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ (የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች) ተጽፈው ከሆነ ደግሞ ቅጂው ዝብርቅርቅ ፊደል ይሆናል። መጀመሪያ ገጹን በቁም ለሁለት ቁረጡ፣ ከዚያ ቋንቋውን አማርኛ አድርጋችሁ ቴሰራክት በሚባለው የጽሑፍ መለያ አሳልፉት። ፊደሎች ሊምታቱ ይችላሉ፤ አንቀጽ ቁጥሮቹን በእጅ አመሳክሩ።

አያ_ሙግት · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15

ልጆች፣ ይርጋን ማንም አላነሳም። ሐ ወደ ሥራ ልመለስ ካለች 3 ወር ነው ያላት። ካሳና ሌላ የስንብት ክፍያ 6 ወር። ከውል ውጪ ኃላፊነት ብለው የፍትሐ ብሔር ክስ የሚያቀርቡ 2 ዓመት፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143። በ4ኛው ወር የመጣች ባለጉዳይ በሩ ግማሹ ተዘግቶባታል። የሥራ ክርክር ደግሞ የዳኝነት አይከፈልበትም፣ ይህንንም ጻፊ።

የሰበር ውሳኔ ስትጠቅሱ ተጠንቀቁ። የቆዩት በቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 ላይ የተሰጡ ናቸው፣ እሱ ተሽሯል። ቃሉ አንድ ሆኖ ቁጥሩ የተለወጠ አንቀጽ አለ፤ ለምሳሌ የድሮው 162 ዛሬ 163 ነው።

የማራኪ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

አያ፣ እግዜር ይስጥልን። የዓመተ ምሕረቱስ ነገር? አንዱ 568/2000 ይላል፣ ሌላው 568/2008።

አያ_ሙግት · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡20

ያው አንድ አዋጅ ነው። አማርኛው በእኛ አቆጣጠር፣ እንግሊዝኛው በፈረንጅ። 1156/2011 እና 1156/2019 እንደዚያው። በአማርኛ ከጻፍሽ በአማርኛው ቁጥር እስከ መጨረሻው ሂጂ፣ አትቀላቅዪ። ሁለቱ ቅጂ ሲጋጭ የአማርኛው ያሸንፋል፤ ለሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106፣ ለአዋጆች ደግሞ የነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያው አዋጅ 3/1987።

ጭብጥ_ያዥ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ሠ ቀርታለች። «ጥበቃና ጽዳት አንድ ሥራ አይደለም» ብለሽ አትዝጊያት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ ይላል፤ ይህ ጠባብ ነው። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 ግን እኩል ዋጋ ላለው ሥራ ነው የሚለው። ስለዚህ ሥራዎቹ ይመዘኑ፤ ክህሎት፣ ጥረት፣ ኃላፊነት፣ የሥራ ሁኔታ። ለእያንዳንዱ ከ5 ስጪና ምክንያቱን ጻፊ። ጽዳቷ በቀን ስንት ፍራሽ ታነሳለች? ምን ኬሚካል ትነካለች? የእንግዳ ንብረት በእጇ አይደለም? ጥበቃውስ የሌሊት ብርድ፣ አደጋ። ሚዛኑ ተቀራራቢ ሆኖ ደመወዙ ከተራራቀ ሆቴሉ ልዩነቱን ያስረዳ። የሌሊት አበል ከሆነ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው፣ ግን ልዩነቱን ሁሉ አይሸፍን ይሆናል።

አዘዞ_12 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

መግቢያው ላይ የአካባቢ ምሳሌ ይግባ ተብሏል። ምን ይሻላል?

ቁስቋም_ዳር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ጎንደር ተቀምጦ ምሳሌ ማጣት! «ማኅበራዊ አመጣጥ» እና «ትውልድ» የሚሉት ቃላት በአንቀጽ 25 ዝርዝር ውስጥ ለጌጥ አልገቡም። ጎንደር አጠገብ ያለችውን የቤተ እስራኤል መንደር፣ ወለቃን አስታውስ። ቤተ እስራኤል በዚህ አገር ርስት ተነፍገው ሸክላና ብረት ሥራ ላይ የቆዩ ናቸው፤ ባለእጅ ደግሞ «ቡዳ» ይባል ነበር። ጠይብ፣ ፋቂ፣ ሸማኔው ሳይቀር። አጼ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዛሬ አንድ አከራይ «የባለእጅ ዘር» ብሎ ቤት ቢከለክል ሕጉ የት አለ? የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 8 ዘርን፣ ቀለምን፣ ሃይማኖትን፣ ጾታን ይጠራል፤ ትውልድን አይጠራም። ወደ 25 ተመልሰህ በ9(2) በኩል፣ ከዚያ ሕግ በመጣስ ጥፋት ቁጥር 2035። ድንጋጌው ግልጽና ዝርዝር መሆን አለበት ይላል 2035፤ 25 እንዲያ ነው ወይ? ክርክሩ እዚያ ላይ ነው፣ መግቢያህን እዚያ ጥያቄ ላይ አቁመው።

የማራኪ_ልጅ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

የጽሑፌን አጽም ጨረስኩ። አንድ የቀረኝ የሀ መፍትሔ ነው። ሆቴሉ ይቅጠራት ማለት ይቻላል?

ጭብጥ_ያዥ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡25

ወደ ሥራ መመለስ የሚባለው ለነበረበት ሰው ነው፣ እሷ አልነበረችም። ካሳ ትጠይቃለች፤ ያጣችው ገቢ ግን እርግጠኛ አይደለም፣ ብትወዳደርም ላታልፍ ትችል ነበር። የሕሊና ጉዳት ካሳው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ጣሪያ ነው፣ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ይህን በቀጥታ ጻፊው፤ ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብን እንደ ሌላ መንገድ አስገቢ፣ ቅርቡ ቢሮ ባሕር ዳር ነው። ግን አስገዳጅ ፍርድ እንደማይሰጥ አትደብቂ።

ነጭ_በትር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ስታስገቢ በወርድ ይሁን፤ ርዕሶቹን በስታይል አድርጊያቸው፣ በማድመቅ ብቻ አይደለም። አትመሽ ስካን አድርገሽ የምትልኪ ከሆነ ግን መ የተከለከለውን ነገር በገዛ ጽሑፍሽ ደገምሽው ማለት ነው።